ኮምፒዩተር ከእንቅልፉ ሲነቃ በሃርድ ዲስኩ ላይ ስለሚታየው ስሕተት

(በሬዲዮ ከተነገረው)



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ በመጀመሪያ ሲሰሙት የጥቂት ባለሙያዎች ጉዳይ ብቻ ሊመስል ይችላል። ዳሩ ግን ኮምፒዩተር ከትልልቁ መሥሪያ ቤት አልፎ ወደ ገጠር ማኅበር፣ ወደ ትምህርት ቤትና ወደ ሱቅ ከገባ ወዲህ የዚህ መሣሪያ ሕመም የብዙ ሰው ሕመም ሆኗል። ስለዚህ ነገሩን በጠቅላላው ከመናገር ይልቅ አንድ አገር መርጠን ከዚያ ሆነን ብንመለከተው ይቀለናል። አገሩም ያዮ ይሁን።

ያዮ ከበደሌ ወደ መቱ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የኢሉባቦር ከተማ ናት። በአካባቢዋ ያለው ደን ቡና ማንም ሳይተክለው በዛፍ ጥላ ሥር የሚበቅልበት ደን በመሆኑ፣ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 ከዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራዎች መካከል መዝግቦታል። አገሩ ዝናባም ነው፤ እርጥበቱም ክረምቱ ካለፈ በኋላ እንኳ ቶሎ አይለቅም። የእርጥበቱን ነገር አንባቢው በልቡ ይያዝልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

እንግዲህ በዚህ አገር፣ እሸት ቡና በሚለቀምበት በኅዳር ወር፣ አንድ የማኅበር ጸሐፊ ማን ስንት ኪሎ እንዳስረከበና ስንት ብር እንደሚገባው በኮምፒዩተሩ ይመዘግባል እንበል። ኮምፒዩተሩ የሚሠራው በሊኑክስ ነው። ጸሐፊው ለምሳ ሲወጣ ኮምፒዩተሩን አያጠፋውም፤ ያስተኛዋል። ተመልሶ አንድ ቁልፍ ሲነካ ስክሪኑ እንደ ወትሮው ይበራል። ነገር ግን መዝገቡን ልክፈት ሲል «ማንበብ አልተቻለም» የሚል ቃል ይመጣበታል፤ ወይም መዝገቡ ተከፍቶ አዲስ ጽሑፍ አልቀበልም ይለዋል። በውጭ ገበሬዎች ተሰልፈው ሒሳባቸውን ይጠብቃሉ።

በዚህ ሰዓት ሰው ከሁለት ጥፋት ወደ አንዱ ያዘነብላል። አንዱ ደንግጦ «ዲስኩ ሞተ» ይልና ወይ አውጥቶ ይጥለዋል፣ ወይ እንደ አዲስ ይሠራል ብሎ ፎርማት ያደርገዋል፤ በዚህም ገና ያልጠፋውን መዝገብ በገዛ እጁ ያጠፋዋል። ሌላው ደግሞ ማጥፊያውን ተጭኖ እንደገና ያስነሣና፣ ኮምፒዩተሩ ደኅና ሆኖ ሲመጣለት ነገሩን ይረሳል። ሁለተኛው ሰው ብልህ ይመስላል፤ ነገር ግን ጥፋቱ ከፊተኛው አያንስም። ምክንያቱንም ከዚህ በታች እንገልጻለን።

ሊኑክስ እ.ኤ.አ. በ1991 ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ ፊንላንዳዊ ተማሪ በሄልሲንኪ የጀመረው፣ ከዚያም በዓለም ዙሪያ ያሉ ብዙ ሠራተኞች የገነቡት የኮምፒዩተር ሥርዓት ነው። ገንዘብ ስለማይከፈልበትና በአሮጌ ኮምፒዩተር ላይም ስለሚሠራ፣ ገንዘቡ ለማይተርፈው ሰው የተመቸ ነው። የሥርዓቱ ልብ ከርነል ይባላል። ዲስኩን፣ ቁልፎቹን፣ ስክሪኑን የሚያዝዝ እርሱ ነው፤ ያየውንም ሁሉ ይጽፋል። ይህ የመጻፍ ጠባዩ ለዛሬው ጉዳያችን ትልቅ ጥቅም አለው።

ሃርድ ዲስክ የሚባለው ደግሞ በውስጡ የሚሽከረከሩ የተወለወሉ ሰሌዳዎች ያሉት ዕቃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 አይቢኤም ለገበያ ያቀረበው የመጀመሪያው ዲስክ 50 ሰሌዳዎች ነበሩት፤ ክብደቱ ከአንድ ቶን ያላነሰ ሲሆን የሚይዘው 5 ሚሊዮን ፊደል ብቻ ነበር። የዛሬው በኪስ ይገባል። ሰሌዳው በደቂቃ 5400 ወይም 7200 ጊዜ ይዞራል፤ የሚያነበው ራስም ሰሌዳውን ሳይነካ፣ ከጠጉር ውፍረት በሺህ እጅ በሚያንስ ከፍታ ላይ ይንሳፈፋል። እንዲህ ያለው ዕቃ ድንገት መብራት ሲቋረጥበት ምን ያህል እንደሚጨነቅ አንባቢው ራሱ ሊገምት ይችላል።

አሁን ወደ እንቅልፉ እንምጣ። ኮምፒዩተር ተኛ ማለት ጠፋ ማለት አይደለም። ለመተኛት ሲታዘዝ ከርነሉ በመጀመሪያ በእጁ የያዘውንና ገና ወደ ዲስክ ያልጻፈውን ይጽፋል፤ የሚሠሩትን ፕሮግራሞች ባሉበት ያቆማቸዋል፤ ከዚያ ዲስኩን «የያዝኸውን ጨርስ፤ ራስህን ወደ ማረፊያው መልስ፤ መዞርህንም አቁም» ይለዋል። በመጨረሻም ከራም በቀር የሁሉም ኃይል ይቋረጣል። ራም ማለት ኮምፒዩተሩ የሚሠራበትን ነገር ለጊዜው የሚይዝበት ክፍል ነው፤ በጥቂት ኤሌክትሪክ ነቅቶ ያድራል። ስለዚህ ያ ጥቂት ኤሌክትሪክ ከተቋረጠ በራም ውስጥ ያለው ሁሉ ይጠፋል። ላፕቶፕ ባትሪ ስላለው ይህን ይቋቋማል። ባትሪ የሌለውን የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ግን መብራት በሚሄድበት አገር አስተኝቶ መሄድ፣ ያልተቀመጠ ጽሑፍን ለዕድል መስጠት ነው።

መንቃት ከመተኛት ይከብዳል። አንባቢው በብርድ ሌሊት ያደረ የጭነት መኪና ጠዋት ሲነሣ ያስብ፤ ከሁሉ ይልቅ ባትሪው የሚፈተነው በዚያች ቅጽበት ነው። ኮምፒዩተሩም እንደዚሁ ነው። የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ዲስክ ከቆመበት ለመነሣት እስከ 2 አምፔር ያህል በ12 ቮልት ይስባል፤ መዞር ከያዘ በኋላ ግን ከዚያ ያነሰ ይበቃዋል። ፍጥነቱን እስኪይዝ ድረስም ጥቂት ሴኮንዶች ያልፋሉ። በዚህ መካከል ከርነሉ በሳታ ገመድ በኩል «አለህ ወይ?» እያለ ይጠይቃል። መልስ ቢዘገይበት ይጠብቃል፤ እንደገና ይጣራል፤ ግንኙነቱን አቋርጦ እንደ አዲስ ይጀምራል፤ በመጨረሻም በሴኮንድ ከ6 ጊጋቢት ወደ 3፣ ከ3 ወደ 1.5 ዝቅ አድርጎ ይሞክራል። ይህ ሁሉ አልሆን ሲለው ተስፋ ይቆርጥና ዲስኩን ከመዝገቡ ይሰርዘዋል። በዲስኩ ላይ ያለውን የፋይል ሥርዓት የሚጠብቀው ክፍልም መጻፍ እንዳልተቻለ ሲያይ፣ የባሰ ጥፋት እንዳይመጣ ዲስኩን ለንባብ ብቻ ይተወዋል። ጸሐፊያችንን «አዲስ ጽሑፍ አልቀበልም» ያለው ይህ ነው። ይህ ጥበቃ እንጂ ሞት አይደለም።

ከዚህ የምንረዳው፣ በመንቃት ጊዜ የሚታይ ስሕተት ከአራት ቦታ ሊመጣ እንደሚችል ነው፤ ይኸውም ከዲስኩ፣ ከገመዱ፣ ኤሌክትሪክ ከሚሰጠው ክፍል፣ ወይም ከሚያዝዘው ፕሮግራም ነው። በውጭ የሚታየው ምልክት ግን አንድ ነው። ስለዚህ በምልክቱ ብቻ የሚፈርድ ሰው ከአራት አንዱን በዕጣ ያወጣል ማለት ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ከሁሉ በፊት ጆሮን ወደ ኮምፒዩተሩ ማስጠጋት ነው። ዲስኩ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ እያለ የሚደጋግም ወይም የሚፍቅ ድምፅ የሚያሰማ ከሆነ የሚያነበው ራስ ተጎድቷልና ወዲያው ያጥፉት፤ ደጋግመውም አያስነሡት። እያንዳንዱ ሙከራ ከሰሌዳው ላይ ጽሑፍ እየፋቀ ሊሄድ ይችላል። እንዲህ ያለው ለባለሙያ ይሰጥ።

ድምፁ ደኅና ከሆነ ግን አያጥፉት። ከላይ ሁለተኛው ሰው ጥፋተኛ ነው ያልነው በዚህ ምክንያት ነው። ከርነሉ ያየውን የሚጽፈው መጀመሪያ በራም ላይ ነው፤ ወደ ዲስክ የሚገለበጠው ኋላ ነው። ዲስኩ መጻፍ አልቀበልም ካለ ደግሞ የሚገለበጥበት ቦታ የለም። ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ ማስነሣት ማለት እንግዲህ የምስክሩን ቃል መቅደድ ነው። ስለዚህ ተርሚናል የሚባለውን የትእዛዝ መስኮት ከፍተው ሱዶ፣ ቀጥሎም ዲ-ኤም-ኢ-ኤስ-ጂ ብለው ይጻፉ። (ፊደላቱን አንድ በአንድ የምንዘረዝራቸው ትእዛዙ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ ነው።) የሚመጣው ጽሑፍ ረጅም ነው፤ የሚፈለገው ግን ወደ መጨረሻው አካባቢ ያለው ነው። በስልክዎ ፎቶግራፍ ያንሡት። ስልክ ለዚህ ሥራ ከወረቀት ይሻላል፤ ቁጥር አይሳሳትም።

ቀጥሎ ፍላሽ ወይም ሌላ ዲስክ ይሰኩና መዝገቡን ይገልብጡ። ለንባብ ብቻ የተተወ ዲስክ መጻፍ ቢከለክል ማስነበብ አይከለክልምና፣ የገበሬዎቹ ሒሳብ ብዙ ጊዜ በዚህች ሰዓት ሊወጣ ይችላል። በመጀመሪያ የማይተካውን፣ ማለትም ሒሳብን፣ ጽሑፍንና ፎቶግራፍን ያውጡ፤ ፕሮግራሙ እንደገና ይጫናል። የዲስኩ አንዳንድ ስፍራ ብቻ አልነበብ ቢል ዲዲሬስኪዩ የሚባል በነጻ የሚገኝ ፕሮግራም አለ፤ እርሱም የሚነበበውን አስቀድሞ ይገለብጥና ወደ አስቸጋሪው ስፍራ ኋላ ይመለሳል። መዝገቡ ከወጣ በኋላ ልብ ያርፋል፤ ከዚህ ወዲያ ያለው ምርመራ በእርጋታ የሚሠራ ነው።

አሁን ፎቶግራፉን እንመልከት። በጽሑፉ ውስጥ ኤ-ቲ-ኤ ብለው የሚጀምሩ መስመሮች ይገኛሉ፤ የዲስኩና የገመዱ ታሪክ በእነርሱ ላይ ነው። ከነዚህ መካከል ሁለት ምሕጻረ ቃላትን መለየት ይበቃል። ዩ-ኤን-ሲ የሚል ከተጻፈ ዲስኩ የገዛ ሰሌዳውን ማንበብ እንዳቃተው ራሱ መስክሯል፤ ሕመሙ ከውስጥ ነው። አይ-ሲ-አር-ሲ የሚል ከተጻፈ ግን የተላከው ነገር በመንገድ ላይ ተበላሽቶ ደርሷል ማለት ነው፤ ስለዚህ መጠርጠር ያለበት ገመዱና መሰኪያው ነው። ከሁለቱ አንዱም ሳይኖር፣ ግንኙነቱ መዘግየቱን ወይም እንደገና መጀመሩን ብቻ የሚናገር መስመር ከተገኘና ከጥቂት ሴኮንድ በኋላ ግንኙነቱ ተመሥርቶ ከታየ፣ ዲስኩ ከእንቅልፉ ዘግይቶ ተነሥቷል፤ ይህም አንድ ጊዜ ቢሆን አያስደነግጥም።

ከዚህ በኋላ የዲስኩን የራሱን የጤና መዝገብ መጠየቅ ይገባል። ዲስኮች ስማርት የሚባል፣ በራሳቸው ላይ የሚጽፉት መዝገብ አላቸው። የሚነበበው ስማርትሞንቱልስ የሚባለውን ፕሮግራም ጭኖ፣ ስማርት የሚለውን ቃል ከሲ-ቲ-ኤል ጋር ገጥሞ በመጻፍ፣ ሰረዝና ኤ በማስከተልና የዲስኩን ስም በመጨመር ነው። ብዙ መስመር ይወጣል፤ ከዚያ ውስጥ በአራት ቁጥሮች የሚጀምሩትን ብቻ ይፈልጉ። በ5 የሚጀምረው ዲስኩ ተበላሽተው በሌላ የተካቸውን ስፍራዎች፣ 197 የሚለው ተጠርጥረው ፍርድ የሚጠብቁትን፣ 198 የሚለው ጨርሶ ያልተነበቡትን ይቆጥራል። 199 ደግሞ በገመድ ላይ የተበላሸውን ይቆጥራል። በመስመሩ መጨረሻ ያለውን ቁጥር በወረቀት ይጻፉ፤ ቀኑንም ይጻፉ። የፊተኞቹ ሦስቱ ዜሮ ሆነው 199 ብቻ ከፍ ካለ ዲስኩን ለመጣል ምክንያት የለም። 197 ወይም 198 ከዜሮ በልጦ በየሳምንቱ የሚጨምር ከሆነ ግን ማንም «ገና ይሠራል» ቢልዎ አይስሙት፤ ዲስኩ ይለወጥ። እዚህ ላይ አንድ የሚያሳስት ነገር አለ፤ የ199 ቁጥር ገመዱ ከታደሰ በኋላም ወደ ኋላ አይመለስም። የሚታየው መጠኑ ሳይሆን መጨመሩ ነው።

ስለ እርጥበት ኋላ እንመለሳለን ያልነው ለዚህ ነው። እንደ ኢሉባቦር ባለ ዝናባም አገር የገመድ ጫፍና መሰኪያ ቀስ በቀስ ይደበዝዛል፤ በላዩም አቧራ ይቀመጣል። ዲስክ ሲዞር ይሞቃል፣ ሲተኛ ይቀዘቅዛል፤ ብረት ደግሞ ሲሞቅ ይሰፋል፣ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል። በደንብ ያልገባ መሰኪያ እንግዲህ ቀኑን ሙሉ ደኅና ሲሠራ ውሎ ከእንቅልፍ በኋላ ቢለግም አይደንቅም። መድኃኒቱም ርካሽ ነው። ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ፣ ከኤሌክትሪክ ነቅሎ፣ ላፕቶፕም ከሆነ ባትሪውን አላቅቆ፣ የዲስኩን መሰኪያ ነቅሎ መልሶ መሰካት፤ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ከሆነም የሳታውን ገመድ በአዲስ መለወጥ ነው። ብዙ ሰው ይህን ንቆ ወደ ከባዱ ሥራ ይሮጣል። እኛ ግን በ199 የተመሰከረበት ኮምፒዩተር ገመዱ ሳይለወጥ ሌላ ነገር ሊነካ አይገባም እንላለን።

የኤሌክትሪኩም ነገር እንዲሁ ነው። መስመሩ በደንና በገደል መካከል በሚያልፍበት አገር መብራት ይሄዳል፤ ሲመለስም አንዳንድ ጊዜ ኃይሉ ይዋዥቃል። ያረጀ ኃይል ሰጪ ክፍል ዲስኩ እየዞረ ሳለ ይበቃና፣ ሁሉም በአንድነት በሚነሡባት በመንቃት ቅጽበት ያንሳል። ዲስኩ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ተኝቶ በደኅና የሚነቃ ከሆነ ጥርጣሬው ወደዚህ ይዞራል። ዩፒኤስ ያለው ይጠቀም፤ የሌለው የጠረጴዛ ኮምፒዩተሩን አያስተኛ፤ ያጥፋው። ሃይበርኔሽን የሚባል ሌላ መንገድም አለ፤ ይኸውም በራም ያለውን ሁሉ በዲስክ ላይ ጽፎ ፈጽሞ መጥፋት ነው። መብራት ቢሄድ አይጎዳውም፤ ነገር ግን ለጽሑፉ የሚበቃ ስዋፕ የሚባል ስፍራ በዲስኩ ላይ ይፈልጋል፤ በብዙዎቹ የሊኑክስ ዓይነቶችም ራስዎ ካላዘጋጁት አይሠራም። በዚህ መንገድ የተኛን ዲስክ በሌላ ሥርዓት ከፍቶ መጻፍ ፈጽሞ አይገባም፤ ሲነቃ የሚያስታውሰውና በዲስኩ ላይ ያለው ተለያይቶ መዝገቡን ያፈርሰዋል።

ገመዱም፣ ኤሌክትሪኩም፣ ዲስኩም ንጹሕ ሆነው ከተገኙ የቀረው ፕሮግራሙ ነው። ላፕቶፖች ኃይል ለመቆጠብ የሳታውን መስመር ሥራ ሲፈታ ያደክሙታል፤ አንዳንድ ዲስክ ደግሞ ከዚህ ድካም መነሣት ይቸግረዋል። ይህን ቁጠባ የሚገዛውን ማስተካከያ «ማክስ ፐርፎርማንስ» ወደሚለው መለወጥ ባትሪ ጥቂት ያስበላል እንጂ ሌላ ጉዳት የለውም። እንዲሁም ስሕተቱ የጀመረው ከርነሉ ከታደሰ ወዲህ ከሆነ፣ ብዙዎቹ የሊኑክስ ዓይነቶች አሮጌውን ከርነል ስለማይጥሉት፣ ኮምፒዩተሩ ሲነሣ ከሚታየው ዝርዝር ውስጥ የቀድሞውን መርጦ መሞከር ይቻላል። በዚያ ካልተሳሳተ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ታወቀ።

በዩኤስቢ የሚሰካው የውጭ ዲስክ ራሱን የቻለ ጠባይ አለው። ኮምፒዩተሩ ሲተኛ የመሰኪያው ኃይል ሊቋረጥ ይችላል። ሲነቃ ዲስኩ እንደ አዲስ እንግዳ ይገባና ትናንት ኤስ-ዲ-ቢ ይባል የነበረው ዛሬ ኤስ-ዲ-ሲ ተብሎ ይጠራል። በቀድሞ ስሙ የሚፈልጉት ፕሮግራሞች ግን ያጡትና ስሕተት፣ ስሕተት እያሉ ይጮኻሉ። ዲስኩ ምንም አልሆነም። ነገር ግን በዚያች ሰዓት ይጻፍ የነበረ ነገር ካለ ሊበላሽ ይችላልና፣ ከማስተኛት በፊት የውጭውን ዲስክ በሥርዓት አሰናብቶ መንቀል ይገባል።

የፋይል ሥርዓቱን ስለሚጠግነው ኤፍ-ኤስ-ሲ-ኬ ስለሚባለው ትእዛዝ ሳንናገር ብንተው ጉድለት ይሆናል። ብዙ ሰው ስሕተት ባየ ቁጥር ወደ እርሱ ይሮጣል። ይህ ትእዛዝ በሥራ ላይ ባለ ዲስክ ላይ አይሰጥም፤ የሚሰጠው ኮምፒዩተሩን ሊኑክስ ካለበት ፍላሽ አስነሥቶ፣ ዲስኩ ተዘግቶ ሳለ ነው። ከዚህም ጋር የሚጠግነው የጽሑፉን ሥርዓት እንጂ ብረቱን አይደለም። 197 እየጨመረበት ባለ ዲስክ ላይ ቢታዘዝ በሽተኛውን እንደ ማስሮጥ ነው። ስለዚህ መዝገቡ ከመገልበጡ በፊት እንዳይነካ።

ገመዱ ተለውጦ ወይም ማስተካከያው ታርሞ ነገሩ ዳነ አልዳነ የሚለው በአንድ ቀን አይታወቅም። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለውጡ፤ ሁለቱን አብሮ የለወጠ ሰው የትኛው እንዳዳነው አያውቅም። ከዚያ አር-ቲ-ሲ ከሚሉት ፊደላት ጋር ዌክ የሚለውን ቃል ገጥሞ የሚጻፍ ትእዛዝ አለ፤ ኮምፒዩተሩን አስተኝቶ እርስዎ በወሰኑት ሴኮንድ፣ ለምሳሌ በ60 ሴኮንድ፣ ራሱ ይቀሰቅሰዋል። አሥር ወይም ሃያ ጊዜ ያስተኙት፤ በመካከሉ ዲስኩ ፈጽሞ እንዲቀዘቅዝ አንድ ሌሊት ያሳድሩት። ጠዋት ቀስቅሰው የከርነሉን ጽሑፍ ያንብቡ፤ የ199ንም ቁጥር በወረቀት ከጻፉት ጋር ያስተያዩ። ካልጨመረ ጸሐፊው ለምሳ ሲወጣ ኮምፒዩተሩን ማስተኛት ይችላል፤ የመዝገቡ ቅጂ ግን በፍላሽ ላይ ሆኖ በሌላ ክፍል ይቀመጥ።